የወሎን ምድር በባቡር ሲሙሌተር መሥራት፦ የተደራቢ ካርታና የከፍታ መረጃ አጠቃቀም ከኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ

ለባቡር ሲሙሌተር፣ ማለትም ባቡር መንዳትን በኮምፒውተር ለሚያስመስል ፕሮግራም፣ መስመር መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ ወዲያው ሐዲድ መዘርጋት ያምረዋል። እኔ ግን ሐዲድ ከመነካቱ በፊት መሬቱ ተሠርቶ እንዲያልቅ እመክራለሁ። ወሎን ለሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለኝም። ከቦርከና ሸለቆ ተነስቶ ሐራ ገበያ ለመድረስ ሐዲዱ የሚዞረውም፣ ኮረብታ የሚቆርጠውም፣ ተራራ ሥር የሚገባውም መሬቱ አስገድዶት ነው። መሬቱ ትክክል ካልሆነ እነዚያ ኩርባዎች ያለ ምክንያት የተጠማዘዙ መስለው ይታያሉ።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታቀደ ነው። የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ነበር። አብዛኛው ሥራው ተሠርቶ ሳለ ሕዝብ በመደበኛነት ሳይሳፈርበት ዓመታት አልፈዋል። ለዚህም ነው በሲሙሌተር መሥራቱ ልቤን የሚይዘው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ባቡሩን ከራሱ ከተማ አስነስቶ እንዲነዳ ከማድረግ የተሻለ የዚህ ሙያ ጥቅም አላውቅም።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት የእያንዳንዱን መረጃ ድርሻ ለዩ። ተደራቢ ካርታው፣ ማለትም በሲሙሌተሩ መሬት ላይ ተነጥፎ እንደ መመሪያ የሚታየው ፎቶ ወይም ካርታ፣ ሐዲዱ የት እንዳለ ይነግራችኋል። የከፍታ መረጃው የሸለቆውንና የተራራውን ቅርጽ ይሰጣችኋል። የሐዲዱን ተዳፋት ግን ከሁለቱ አንዳቸውም በቀጥታ አይሰጧችሁም፤ ከሁለቱ አውጥታችሁ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

መሣሪያዎቹ

በነፃ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ኦፕን ሬይልስ ሲሙሌተርና ቲኤስአርኢ የተባለው የመስመር መሥሪያ ይበቃሉ። ትሬንዝ የተባለውን ሲሙሌተር የሚጠቀሙ ሰዎች ትራንስዴም በተባለው ፕሮግራም ካርታውንና ከፍታውን አንድ ላይ ማስገባት ይችላሉ። ትሬን ሲሙሌተር ክላሲክም በራሱ መሥሪያ ውስጥ ተደራቢ ካርታ ያሳያል። ለዝግጅት ሥራው ኪውጂአይኤስ የተባለውን ነፃ የካርታ ፕሮግራም ጫኑ። የአዝራሮቹ ቦታ ከፕሮግራም ፕሮግራም ቢለያይም የሥራው ቅደም ተከተል አንድ ነው።

አንደኛ፦ የከፍታ መረጃውን ማውረድና መፈተሽ

በብዛት የሚሠራበት የከፍታ መረጃ ኤስአርቲኤም ይባላል። ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 1992 ዓ.ም. ለ11 ቀናት በራዳር የሰበሰበችው ነው። መረጃው በአንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ተቆርጦ ይቀመጣል። የእያንዳንዱ ፋይል ስም የደቡብ ምዕራብ ጥጉ ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። ለእኛ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ሰሜን 11 ምሥራቅ 39 የተባለው አንድ ፋይል ብቻ ኮምቦልቻን፣ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ወልዲያንና ሐራ ገበያን አንድ ላይ ይይዛል። ወደ ከሚሴ ለመውረድ ሰሜን 10 ምሥራቅ 39ን ጨምሩ። ባቲ በስተምሥራቅ 40ኛውን ኬንትሮስ ትንሽ ስለምታልፍ፣ ከሩቅ የሚታየው የምሥራቁ ገደል እንዲሟላላችሁ ከፈለጋችሁ ሰሜን 11 ምሥራቅ 40ንም አውርዱ።

የአንድ ሰከንዱን ጥራት ምረጡ፤ ሰከንድ እዚህ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው እንጂ ጊዜ አይደለም። በዚህ ጥራት አንድ ፋይል በአግድምም በቁመትም 3,601 ነጥቦች አሉት፤ የነጥቦቹም ርቀት 30 ሜትር ገደማ ነው። ሳይጨመቅ 26 ሜጋባይት ያህል ስለሚሆን ለሞባይል ኢንተርኔት ከባድ አይደለም። የሦስት ሰከንዱ፣ ማለትም በየ90 ሜትሩ የተለካው፣ ለሰፊ ሜዳ ሊበቃ ይችላል፤ በወሎ ግን ጠባቦቹን ሸለቆዎች ይደፍናቸዋል።

ኮፐርኒከስ የሚባለው የአውሮፓ የ30 ሜትር መረጃ ከኤስአርቲኤም የጠራ ነው፣ ገደላማ ቦታ ላይም የሚሻል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ችግሩ የነጥቦቹ አደራደር ከኤስአርቲኤም ስለሚለይ ቲኤስአርኢ ወደሚያነበው ቅርጽ መቀየር ማስፈለጉ ነው። ስትቀይሩ የኪውጂአይኤስን መላኪያ ተጠቀሙ እንጂ ባይቶቹን በእጅ ለመጻፍ አትሞክሩ፤ ቅርጹ ከፍተኛው ባይት እንዲቀድም ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ 1,850 ሜትር የነበረው ቦታ 14,855 ሜትር ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ያለ ሰማይ ጠቀስ ቁጥር ካያችሁ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ሁለቱን ምንጮች በአንድ መስመር ላይ አትቀላቅሉ። የባሕር ጠለልን የሚለኩበት መነሻ የተለያየ ነው። 11ኛው ኬክሮስ የሚያልፈው ከኮምቦልቻ በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ሰሜኑን ከአንዱ፣ ደቡቡን ከሌላው ብትወስዱ ሐዲዱ የሚያልፍበት ሜዳ ላይ እርከን ይፈጠራል።

ፋይሉን በኪውጂአይኤስ ከፍታችሁ የጥላ ሥዕል፣ ማለትም ተራራና ሸለቆውን በብርሃንና በጥላ የሚያሳየውን፣ አውጡና ተመልከቱት። ሦስት ነገሮችን ፈልጉ። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ነው፤ ራዳሩ ያላየው ገደል ከዜሮ በታች 32,768 ሆኖ ይመዘገባል፣ ሲሙሌተሩም ውስጥ መጨረሻ የሌለው ጉድጓድ ይሆናል። በኪውጂአይኤስ የባዶ መሙያ መሣሪያ ዝጉት። ሁለተኛው ዛፍ ነው። ራዳሩ የለካው በአብዛኛው የዛፉን የላይኛውን ክፍል እንጂ ሥሩን አይደለም፤ በደሴ ዙሪያ ያለው ባሕር ዛፍና የየጎፍ ደን መሬቱን ከእውነቱ ከፍ ያደርጉታል፣ በደኑ ዳርም የሐሰት ግድግዳ ይሠራሉ። ሦስተኛው ሜዳ ነው። ከፍታው በሙሉ ሜትር ስለሚመዘገብ እንደ ጨፋ ያለ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የአንድ አንድ ሜትር ደረጃዎች ይታያሉ። ሜዳውን በቀላሉ አለስልሱት። ተራራውን ግን አትንኩ፤ ማለስለሻውን በሙሉ ካርታው ላይ ከለቀቃችሁት የጦሳን ተራራ አፍንጫ ትበሉታላችሁ።

ሁለተኛ፦ ተደራቢ ካርታውን ማዘጋጀት

ሁለት ዓይነት ተደራቢ ያስፈልጋችኋል። አንዱ የሳተላይት ፎቶ ነው፤ ሁለተኛው ኦፕንስትሪትማፕ ከተባለው በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ነፃ የድር ካርታ የሚገኘው የመንገድ፣ የወንዝና የሐዲድ መስመር ነው። ከኦፕንስትሪትማፕ ሐዲድ ስትፈልጉ አገልግሎት ላይ ያለውን ብቻ አትጠይቁ፤ እንዲህ ያለ መስመር በግንባታ ላይ እንዳለ ተደርጎ ሊመዘገብ ስለሚችል ሁለቱንም ምድቦች አስገቡ።

የፎቶው የማጉያ ደረጃ 17 ሲሆን በወሎ ኬክሮስ አንድ ፒክስል 1.2 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ለሐዲድ መስመር ይህ ይበቃል። ደረጃ 18ን ለጣቢያዎችና ለመቀያየሪያ ሐዲዶች ብቻ ተጠቀሙ፤ ለመላው መስመር ካወረዳችሁ የፎቶው ብዛት በአራት ይባዛል፣ ኮምፒውተሩም ይደክማል።

የፎቶውን ዘመንና ወቅት ተመልከቱ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ የተነሳ ፎቶ ዛሬ ያለውን ከተማ አያሳያችሁም። ሐዲዱን ለማንበብ በበጋ የተነሳው ፎቶ ይሻላል፤ የተቆረጠው አፈርና የተሞላው ጠጠር ከደረቀው ማሳ ተለይቶ ይታያል። ወንዞችን ለመለየት ግን የመስከረምና የጥቅምቱ ይጠቅማል።

የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያሳተማቸውን የ1፡50,000 ካርታዎች ያገኘ ሰው ትልቅ ሀብት አግኝቷል። የቀበሌና የወንዝ ስሞቹ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የመስጊዶቹ ቦታ በሌላ ካርታ ላይ በዚህ ዝርዝር አይገኙም። ነገር ግን እነዚህ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ ነው፤ ሳተላይቱ የሚጠቀመው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። የሁለቱ የዩቲኤም ቁጥሮች፣ ማለትም ቦታን በሜትር የሚገልጹት፣ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ካርታውን ስካን አድርጋችሁ ወደ ኪውጂአይኤስ ስታስገቡ መነሻውን አዲንዳን፣ ዞን 37 ሰሜን ብላችሁ አስታውቁትና ፕሮግራሙ ራሱ እንዲቀይረው አድርጉ። ይህን የዘለለ ሰው ወንዙን ከሸለቆው ውጪ፣ በኮረብታው ወገብ ላይ ሲፈስ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፦ ማጣጣም

ተደራቢውን በዓይን እየጎተቱ፣ እያዞሩና እያሳነሱ ለማጣጣም መሞከር ጊዜ ይበላል፣ ውጤትም የለውም። ምክንያቱ ትንበያ ነው፤ ክብ ምድር ጠፍጣፋ ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ሥርዓት በራሱ መንገድ ያጣምመዋል። የድር ካርታዎች የሚጠቀሙበት መርኬተር በ11ኛው ኬክሮስ ላይ ርቀትን በ1.9 በመቶ ገደማ ያሳድጋል፤ በኪሎ ሜትር 19 ሜትር ማለት ነው። ኦፕን ሬይልስ ከማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር የወረሰው የጉድ ትንበያ ደግሞ ስፋትን ይጠብቃል፣ በወሎ ግን የሰሜንን አቅጣጫ ወደ 2 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ስለዚህ ፎቶውን በጥጎቹ ኬክሮስና ኬንትሮስ ለፕሮግራሙ ስጡት፤ እሱ በየ2,048 ሜትሩ ሰቅ እየቆረጠ ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል።

ከዚያ ፈትሹ። ፍተሻው በአንድ ቦታ ብቻ አይበቃም፤ በመስመሩ ሁለት ጫፎችና መሃል ላይ አድርጉት። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው የሐይቁ ዳርቻ ለዚህ በጣም ይመቻል፤ በከፍታ መረጃው ላይ ውኃው ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚታይ ዳርቻው ከፎቶው ዳርቻ ጋር መግጠም አለበት። በደቡብ በኩል ቦርከና ወንዝ ከሸለቆው ዝቅተኛ መስመር ጋር ይግጠም። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ በእኩል መጠን ከሳቱ ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ አንቀሳቅሱ። ሐይቅ ላይ ገጥሞ ኮምቦልቻ ላይ ከሳተ ግን የትንበያ ስሕተት አለና ወደ ኋላ ተመለሱ።

ወሎ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ሌላ ዕድል አላችሁ። በአስፋልት መገናኛ፣ በአደባባይ ወይም በገበያ ጥግ ቆማችሁ የስልካችሁን የቦታ ቁጥር መዝግቡና ከፎቶው ጋር አስተያዩ። የስልኩን ከፍታ ግን አትመኑት፤ ለአግድም ቦታ ብቻ ተጠቀሙበት። ጣቢያና ድልድይ አጠገብ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

አራተኛ፦ ኩርባውን ከፎቶው መለካት

በተደራቢው ላይ የሐዲዱን ቀጥታ ክፍሎች መጀመሪያ አስምሩ፤ ኩርባው በሁለት ቀጥታዎች መካከል የሚቀረው ነው። የኩርባውን ራዲየስ ለማግኘት በኩርባው ላይ ሁለት ነጥቦች ያዙና በቀጥታ አገናኟቸው፤ ከዚህ መስመር መሃል እስከ ሐዲዱ ያለውን ርቀት ለኩ። የመስመሩን ርዝመት በራሱ አባዙት፣ ለመሃሉ ርቀት ስምንት እጥፍ አካፍሉት፣ የመሃሉን ርቀት ግማሽ ጨምሩበት። መስመሩ 400 ሜትር፣ የመሃሉ ርቀት 25 ሜትር ቢሆን ራዲየሱ 812.5 ሜትር ይሆናል። መሐንዲሶች ክብ ቁጥር ስለሚወዱ 800 ብላችሁ ዘርጉትና በፎቶው ላይ መተኛቱን ተመልከቱ።

ልኬታችሁን በፍጥነት ፈትኑት። ባቡር በኩርባ ሲዞር የውጪው ሐዲድ ከፍ ማለት አለበት። ለዚህ የሐዲድ ስፋት፣ የውጪውን ሐዲድ ከፍታና ከሚያስፈልገው ጎድሎ ቢቀር የሚታገሡትን መጠን አንድ ላይ በሚሊ ሜትር የሚሰጠው ቀመር 11.8 ሲባዛ በፍጥነቱ ካሬ ሲካፈል በራዲየሱ ነው። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር በ800 ሜትር ኩርባ 212 ይሰጣል፤ ይህ ሊሆን የሚችል ነው። በ300 ሜትር ኩርባ ግን 566 ይሰጣል፤ እንዲህ ያለ ባቡር መስመር የለም። ወይ ለክታችሁ ተሳስታችኋል፣ ወይ እዚያ ላይ የፍጥነት ገደብ አለ።

አምስተኛ፦ ተዳፋቱን ማውጣት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። አብዛኛው የመስመር መሥሪያ ሐዲዱን በመሬቱ ላይ እንዳለ የሚያስተኛ አዝራር አለው። አትንኩት። ኤስአርቲኤም ሲታቀድ የተፈቀደለት የከፍታ ስሕተት እስከ 16 ሜትር ነበር፤ ጎረቤታም ነጥቦች በሦስት ሜትር ቢዛነፉ የሚያስገርም አይደለም። በ30 ሜትር ርቀት ላይ የሦስት ሜትር ስሕተት በሺህ 100 የሆነ ተዳፋት ይፈጥራል። እውነተኛ ባቡር በሺህ ሃያዎቹ ላይ ሲደርስ መንገታገት ይጀምራል።

ይኸው ስሕተት በረጅም ርቀት ላይ ሲሆን ግን ከቁጥር አይገባም። በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የአምስት ሜትር ስሕተት ተዳፋቱን በሺህ አንድ ብቻ ያዛንፈዋል። ስለዚህ ሥራው ጥቂት የታመኑ ነጥቦችን መምረጥና በመካከላቸው ወጥ ተዳፋት መዘርጋት ነው።

የታመነ ነጥብ የት ይገኛል? ሐዲዱ ኮረብታ ቆርጦ ወጥቶ ወደ ሙሌት አፈር ሲሸጋገር፣ በሁለቱ መካከል የተፈጥሮ መሬቱን የሚነካበት ቦታ አለ። በፎቶው ላይ የቆረጣው ጠርዝ እየጠበበ ሄዶ የሚጠፋበት፣ የሙሌቱ ጠርዝም የሚጀምርበት ነጥብ እሱ ነው። እዚያ ላይ የሐዲዱ ከፍታና የመሬቱ ከፍታ እኩል ናቸው። እዚህ የመረጃው ዕድሜ ይረዳናል፤ ኤስአርቲኤም የተለካው ሐዲዱ ከመሠራቱ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ስለሆነ ያልተቆረጠውን፣ ያልተሞላውን መሬት ይሰጣችኋል። ከየነጥቡ ዙሪያ ዛፍ የሌለበትን አምስት ስድስት ቦታ አንብቡና መካከለኛውን ያዙ።

እነዚህን ነጥቦች በወረቀት ላይ ወይም በሰንጠረዥ በርቀትና በከፍታ አስቀምጡ። ቀጥሎ በየተከታዮቹ መካከል ያለውን ልዩነት አስሉ። 200 ሜትር ለመውጣት በሺህ 20 ተዳፋት 10 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል፤ ይህን ካሰላችሁ በኋላ ሐዲዱ ለምን ደሴን ትቶ በምሥራቅ በኩል እንደሚሄድ በራሳችሁ ትረዳላችሁ። በሐረጎ ዳገት መኪና የወጣ ሰው ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው ዳገት በዚያ አጭር ርቀት ለባቡር የማይቻል መሆኑን ያውቀዋል። ከነጥቦቻችሁ አንዱ ብቻውን ሹል ተዳፋት ከፈጠረ ጥሉት፤ አንድን መጥፎ ነጥብ ለማዳን ብላችሁ መስመሩን አታጉብጡ። በጣቢያዎች ላይ ሐዲዱ ለጥ ያለ መሆን እንዳለበትም አትርሱ።

ስድስተኛ፦ መሬቱን ወደ ሐዲዱ ማምጣት

ሐዲዱ በራሱ ተዳፋት ከተዘረጋ በኋላ በአንዳንድ ቦታ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ በአንዳንድ ቦታ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ይህ ትክክለኛ ምልክት ነው፤ የተንሳፈፈው ሙሌት ወይም ድልድይ፣ የተቀበረው ቆረጣ ወይም ዋሻ ነው። የትኛው እንደሆነ ፎቶው ይነግራችኋል።

ለሙሌት ከፎቶው የታችኛውንና የላይኛውን ስፋት ለኩ። ጎኑ በአንድ ሜትር ከፍታ 1.5 ሜትር ወደ ውጪ የሚሄድ ከሆነ፣ የሁለቱን ስፋት ልዩነት ለሦስት ስታካፍሉ ከፍታው ይገኛል። ታችኛው 38 ሜትር፣ ላይኛው 8 ሜትር ከሆነ ሙሌቱ 10 ሜትር ነው። ያገኛችሁት ከፍታ ከተንሳፈፈው ሐዲድ ከፍታ ጋር ከተቀራረበ ተዳፋታችሁ ተረጋግጧል ማለት ነው። ይህን ማመሳከሪያ የምወደው ሁለቱ መንገዶች እርስ በርስ ሳይነካኩ አንድ ቦታ ላይ ስለሚገናኙ ነው።

ለዋሻ መሬቱን በጭራሽ አትቁረጡ። ሐዲዱ በአንዱ ጎን ጠፍቶ በሌላው ጎን ከወጣ፣ በመካከሉ ያለውን መሬት እንደ መረጃው ተዉትና መግቢያና መውጫው ላይ ብቻ ክፍት አድርጉ። ከሐዲዱ በላይ ያለው መሬት ከዋሻው ቁመት ካነሰ ወይ የዋሻው አፍ ቦታ ተሳስቷል፣ ወይ ተዳፋቱ።

ድልድዮች ሌላ ችግር አላቸው። የ30 ሜትር መረጃ ጠባብ የወንዝ ጎርፍ መሄጃዎችን ይሞላቸዋል፤ ወሎ ደግሞ በእንደነዚህ ያሉ ጎድጓዶች የተቆራረጠ ምድር ነው። ድልድዩ መሬት ላይ የተኛ ከመሰለ ጎድጓዱን በእጅ ቆፍሩት። ምን ያህል መቆፈር እንዳለበት ለማወቅ የድልድዩን ጥላ ርዝመት፣ በዚያው ፎቶ ላይ ካለና ቁመቱን ከምታውቁት ሕንፃ ጥላ ጋር አወዳድሩ።

ሰባተኛ፦ ከማጋራት በፊት

ተደራቢው እንደ ግንበኛ መወጣጫ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይነሳል። የሳተላይት ፎቶውን እንደ መሬት ቀለም ትታችሁት አትሂዱ። ከባቡሩ መስኮት ሲታይ ይደበዝዛል፣ የዛፎቹና የቤቶቹ ጥላ መሬት ላይ ተጋድሞ ይታያል፣ በዚያ ላይ የፎቶው ባለቤት ለሌላ ሰው እንድታድሉት አልፈቀደላችሁም። በምትኩ የራሳችሁን የመሬት ቀለሞች አዘጋጁ፤ የመስከረሙን አረንጓዴ ከአደይ አበባው ጋር፣ ወይም የታኅሣሡን የማሽላ አገዳ ቀለም፣ አንዱን መርጣችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙ።

ከኦፕንስትሪትማፕ የወሰዳችሁት ነገር በመስመሩ ውስጥ ከቀረ፣ አብሮ በሚሄደው ጽሑፍ ላይ ምንጩንና አዘጋጆቹን መጥቀስ ግዴታ ነው። የከፍታውን ምንጭም ጻፉ። የታመኑ ነጥቦቻችሁን ሰንጠረዥ ደግሞ ከመስመሩ ጋር አብራችሁ ልቀቁት፤ ከሐራ ገበያ በላይ ወደ መቀሌ ወይም ከከሚሴ በታች ወደ አዋሽ ሥራውን የሚቀጥል ሰው ከእናንተ የመጨረሻ ከፍታ ላይ ተነስቶ ይሄዳል።